ሁለት ኪሎ የከበደ ፕላኔት

ሚዛኑ ላይ ለመውጣት ሦስት ሰው ብቻ ቀርቷት ነበር። ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ተጣብቆባታል። ምራቅ ለመዋጥ ሞከረች፤ የሚዋጥ ነገር አልነበረም። ሰልፉ ከጥቁር ሰሌዳው ተነስቶ በመስኮቶቹ ሥር እስከ መጨረሻው ዴስክ ተጠምዝዟል። ሚዛኑን የፊዚክስ መምህሩ ከትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ተውሶ ነው ያመጣው፤ ነርሷ በጣቷ ትንሿን ብረት ወዲያና ወዲህ እየገፋች የምትመዝንበት፣ ቁመት መለኪያ የተተከለለት ረጅሙን ሚዛን።

ሰሌዳው ላይ አራት ዓምድ ተሠምሯል። እዚህ፣ ጨረቃ፣ ማርስ፣ ጁፒተር። ጠመኔ ይዛ አጠገቡ የቆመችው የቅርብ ጓደኛዋ ናት። ክፍሉ በሙሉ «ካልኩሌተር» ነው የሚላት፤ ቁጥር ስትሰማ መልሱን ሳታስበው ከአፏ ይወጣል።

«ጨረቃ ላይ ስበቱ የእኛን አንድ ስድስተኛ ነው» አለ መምህሩ። «ማርስ ላይ ከመቶ ሠላሳ ስምንት እጅ። ጁፒተር ላይ ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ፣ መቆሚያ ካገኛችሁ ነው እንግዲህ፣ መሬት የለውም። ቀጣይ!»

ቀጣዩ ረጅሙ ልጅ ነበር፤ ከኋላ ተቀምጦ መምህሩን ለማስቆጣት የማይደክመው። ስልሳ ስድስት ሆነ።

«ጨረቃ አሥራ አንድ፤ ጁፒተር መቶ ስልሳ አምስት» አለች ካልኩሌተር እየጻፈች። «አቦ አንተ ጁፒተር ላይ ከአልጋህ ራሱ አትነሳም።»

«እዚህስ መቼ ይነሳል!» አለ አንዱ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ተራዋን የምትጠብቀው እሷ ግን አልሳቀችም። እጇን ከኋላዋ አቆላልፋ የጫማዋን አፍንጫ ታያለች። በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ ጫማ ቀይራለች። እናቷ ሁለተኛውን ስትገዛ «ምን እያበላሁሽ ነው?» ብላ ስቃ ነበር። አጎቷ ግን አልሳቀም። ጫማውን ገልብጦ ቁጥሩን አነበበና መልሶ አስቀመጠው።

አጎቷ የቦክስ አሰልጣኝ ነው። እሷ በአርባ ስምንት ኪሎ ምድብ የባለፈው ዓመት አሸናፊ ናት። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ «ላባ» የሚለውን ስም ያወጣላትም እሱ ነው። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ፣ ፎቶዋ ሥር፣ በቀይ ቀለም «ላባ - 48» ተብሎ ተጽፏል። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለዘንድሮው ውድድር ትመዘናለች። ዛሬ ከትምህርት በፊት አዳራሹ ውስጥ ስትመዘን ሃምሳ ኪሎ ተኩል ሆነች። አጎቷ ሰዓቱን አየ። «ሁለት ኪሎ ተኩል በሃያ አራት ሰዓት» አለ። «ከአሁን ጀምሮ ውኃ የለም። አፍሽን ተጉመጥመጪና ትፊ።»

«ቀጣይ!»

ጫማዋን አውልቃ ወጣች። መምህሩ ብረቷን ገፋ፣ መለሰ፣ በጥፍሩ ትንሽ ነካ አደረጋት። «አርባ ስምንት ተኩል።»

«ተሳስቷል» አለች።

«ማን? ሚዛኑ?»

«እኔ ሃምሳ ተኩል ነኝ።»

መምህሩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ አወጣ። «አሥራ ሁለት ዓመት ሳስተምር ኪሎ ጨምርልኝ ያለኝ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ካልኩሌተር ግን ጠመኔዋን እንደያዘች ጓደኛዋን አየቻት። ከንፈሯ ጥግ ላይ የተሰነጠቀችውን ቀይ መስመር አየች። ከዚያ ዞራ ጻፈች፤ አርባ ስምንት ተኩል፣ ስምንት ከትንሽ፣ አሥራ ስምንት ከግማሽ ገደማ፣ መቶ ሃያ አንድ።

«ጁፒተር ላይ ላባ መባል ቀረ!» አለ ረጅሙ ልጅ። «ቲቸር፣ ጥያቄ! ጨረቃ ላይ ስምንት ኪሎ ከሆነች ቡጢዋም ያንን ያህል አያምም ማለት ነው? እንዲህ ከሆነ እዚያ ልጋጠማት።»

«አትሸወድ። ክብደት ስበቱ የሚስብህ ልክ ነው፤ ቦታ ስትቀይር ይቀየራል። በውስጥህ ያለው ቁስ ግን የትም ሂድ የትም ያው ነው። እጇም ያው እጅ ነው። ጨረቃ ላይ ብትመታህ እዚህ እንደመታችህ ያምሃል፤ እንዲያውም ራቅ ብለህ ነው የምትወድቀው።»

እሷ አሁንም ሚዛኑ ላይ ቆማለች። «ቲቸር» አለች፤ ድምፅዋ ሻካራ ሆኖ ወጣ። «ይሄን ሚዛን ጨረቃ ላይ ብንወስደው ስምንት ነው የሚለው?»

መምህሩ ብረቷን አያት። «ጎበዝ» አለ ቀስ ብሎ። «አይልም። ይሄ ሚዛን አንቺን ከዚህች ብረት ጋር ነው የሚያመዛዝነው። አንቺ ስትቀልዪ ብረቷም እኩል ትቀልላለች። እዚያም አርባ ስምንት ተኩል ነው የሚለው። ስምንት የሚልሽ የስፕሪንግ ሚዛን ነው፤ እሱ የሚያውቀው ምን ያህል እንደተጫነው ብቻ ነው።»

ማምለጫ የለም ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ጫማዋን አንስታ ወረደች።

*

በእረፍት ሰዓት ካልኩሌተር የውኃ ጠርሙሷን ከፍታ ዘረጋችላት። እሷ ፊቷን አዞረች። ሽታ የሌለው ውኃ ይሸታት ጀመረ።

«ነገ እጠጣለሁ።»

«ባክሽ አንድ ጉንጭ።»

«አንድ ጉንጭ ሃምሳ ግራም ነው።»

ካልኩሌተር ጠርሙሱን ዘጋችው፤ አልጠጣችም እሷም። የደረጃው ግርጌ ላይ ተቀመጡ። «እሺ ንገሪኝ» አለች፤ «ጠዋት አዳራሽ ሃምሳ ተኩል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ አርባ ስምንት ተኩል። መንገድ ላይ ሁለት ኪሎ የት ጣልሽ?»

«የክሊኒኩ ተበላሽቶ ነዋ። የአዳራሹ አይሳሳትም። ጋሼ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም።»

«ወይም አዳራሻችሁ ሌላ ፕላኔት ነው።» ካልኩሌተር ዓይኗን ጨፈነች። «ሃምሳ ተኩል ሲካፈል ለአርባ ስምንት ተኩል... አንድ ነጥብ ዜሮ አራት። ከምድር ትንሽ የከበደ። ደባሪ ፕላኔት።»

መጀመሪያ ቀልድ ነው ብላ አለፈችው። ኋላ ግን የአዳራሹ በር ትዝ አላት። ሚዛኑ የተቀመጠው ከበሩ መግቢያ ላይ ነው፤ በግራም በቀኝም ማለፊያ የለም። ሕጉ ነው፤ የገባ ይወጣበታል፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሲሄድም እንደዚያው። እዚያ በር ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ጉልበቷን አንድ ነገር ወደ ታች ይስባት ነበር።

«ፕላኔት መሆኑ እንዴት ይታወቃል?» አለች።

«ቀላል ነው። ፕላኔት ከሆነ ሁሉም ነገር በልኩ ይከብዳል። አሥር ኪሎ ብረት ካስቀመጥሽበት አሥር ነጥብ አራት ይላል። ሃያ ካስቀመጥሽ ሃያ ነጥብ ስምንት። እጥፍ ለእጥፍ ይሄዳል።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ» አለች ካልኩሌተር፣ «አንድ ሰው ነክቶታል።»

*

አዳራሹ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ያለው መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከጣሪያው ሥር፣ ወንፊት ሽቦ የተመታበት። የላብና የድሮ ጓንት ሽታ ወጥቶ አያውቅም። አጎቷ ሪንጉ ውስጥ ገመድ ያጠብቃል፤ «ሽቦ» የሚሏት ልጅ ደግሞ ቡጢ የሚለማመዱበት ጆንያ አጠገብ ገመድ ትዘላለች። ሽቦ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከላባ በፊት ሦስት ዓመት የአዳራሹ የአርባ ስምንት ኪሎ ተወዳዳሪ እሷ ነበረች፤ አሁን ትንንሾቹን ታሰለጥናለች። ቁርስ አትበላም። ለምን እንደማትበላ ስትጠየቅ «ሆዴ ረስቶታል» ትላለች።

«ላባ፣ ውጪና ጥሪው!» አለ አጎቷ ዞር ሳይል።

ወጣች። ስፕሪንጉ እንደ ሁልጊዜው ሲጥ አለ። ክብ ፊቱ ላይ መስታወቱ ከታች ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ ስንጥቁን ነጭ ፕላስተር ሸፍኖታል፣ ከዜሮ እስከ አምስት ያለው አይታይም። ማንም ግድ ብሎት አያውቅም። ባዶ ሚዛን ማን ያያል?

«ሃምሳ ከትንሽ።»

«ጃኬቱን ልበሺ። አርባ ደቂቃ ሩጫ።»

ላብ ማስወጫው የላስቲክ ጃኬት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከትናንት ላቡ ገና አልደረቀም። አንድ እጇን አስገባችና ቆመች። ቀዝቃዛው ላስቲክ ክንዷ ላይ ተለጠፈ። አዳራሹን ስምንት እርምጃ በአሥራ ሁለት እርምጃ አድርጋ ታውቀዋለች፤ በዚህ ጃኬት ውስጥ ስንት ዙር እንደዞረችው ግን ካልኩሌተርም አትደርስበት።

እጇን መልሳ አወጣች። ወደ ብረቶቹ መደርደሪያ ሄዳ ባለ አሥር ኪሎውን አነሳች። ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ በሩ አመጣችውና ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።

አሥራ ሁለት።

ሌላ ባለ አሥር ኪሎ ጨመረችበት። ቀስቱ ተንቀጠቀጠና ረጋ። ሃያ ሁለት። ሦስተኛውንም አመጣች። ሠላሳ ሁለት።

እጥፍ ለእጥፍ አልሄደም። ሁልጊዜ ሁለት፣ ሁልጊዜ ያችው ሁለት።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለ አጎቷ።

እሷ ብረቶቹን አንድ በአንድ አወረደች። ተንበርክካ የፕላስተሩን ጥግ በጥፍሯ ፈልፍላ ሳበችው። ረጅም ሆኖ፣ አቧራና ሙጫ ይዞ ተነሳ። ባዶው ሚዛን ላይ ቀስቱ ሁለት ቁጥር ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጋሼ» አለች። «ማንም ሳይወጣበት ሁለት ነው የሚለው።»

ሽቦ የምትዘልበት ገመድ መሬቱን መምታት አቆመ።

አጎቷ ከሪንጉ ወረደ። ራሱ በምላጭ የተላጨ ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። አዳራሹ ውስጥ ታሪኩን የማያውቅ የለም። በሃያ ዓመቱ ለትልቅ ውድድር ተመርጦ መዛኞቹ ፊት ሲቆም ሁለት መቶ ግራም በለጠ። ልብሱን አወለቀ፣ ተፋ፣ ፀጉሩን እዚያው ቆሞ ተላጨ፤ አልቀነሰም። በመጣበት አውቶቡስ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ፀጉር አላሳደገም።

«ሁለት አይደለም» አለ። «አንድ ነው።»

«እየው።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ጆሮው ቀስ በቀስ ቀላ። «እኔ ብሎኑን ያዞርኩት በአንድ ኪሎ ነው። ለጥንቃቄ። ይሄን የማያደርግ አሰልጣኝ የለም። እዚህ አንድ ኪሎ ብትበልጪ እዚያ ልክ ትሆኛለሽ፤ በሁለት መቶ ግራም እንዳትዋረጂ። ለአንቺ ብዬ ነው የኔ ልጅ።»

«ሌላውን ኪሎስ ማን ጨመረው?»

 ከዚያ ሽቦ ገመዷን እጇ ላይ እየጠቀለለች ቀረበች። «እኔ ነኝ» አለች። «አምና ቦታዬን ስለቅላት። ልጅ ናት፣ አደራረጉን አታውቅም፣ እንዳትበልጥ ብዬ... እርስዎ ማዞርዎን በምን አውቃለሁ?»

«ማን አዙሪ አለሽ?»

«እርስዎንስ ማን አዙሩ አለዎት?»

ሁለቱ ተያዩ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ላባ ትስቅ ነበር። ሁለት ሰው፣ ሁለቱም ሊያድኗት፣ አንዷን ብሎን አንዱ ከአንዱ ተደብቀው አዙረዋል።

«ዛሬ በዚህ ሚዛን አርባ ስምንት ብሆንልህ ኖሮ ጋሼ» አለች፣ «ስንት ነበርኩ?»

አጎቷ ስሌቱን ሲሠራ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ግድግዳው ሥር ያለችው አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ተቀመጠ። «አርባ ስድስት» አለ። ድምፁ ለራሱ ነበር። «ባለፈው ሳምንት ራሴን አዞረኝ ስትይ...» አልጨረሰውም።

ሽቦ ሆዷን በመዳፏ ይዛ ቆማለች። «ሦስት ዓመት» አለች። «የኔም ጊዜ እንዲህ ነበር ጋሼ?»

አጎቷ መሬት መሬቱን ያያል።

ግን ብዙ ሳይቆይ ራሱን በሁለት እጁ አሽቶ ተነሳ። ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈውን የምዝገባ ቅጽ አወጣ። «እሺ። ጥፋት ነው፣ አጥፍተናል። ግን ደግሞ አስቢው፤ መልካም ወሬ ነው! አርባ ስምንት ተኩል ነሽ። የቀረሽ ግማሽ ኪሎ ነው። ግማሽ ኪሎ እኮ ስትተኚም ይወጣል። ጃኬት አያስፈልግም፣ ሩጫ አያስፈልግም። ውኃውን ብቻ እስከ ነገ ጠዋት ታገሺ። ምድቡን ጻፊና ፈርሚ፤ እስከ አሥር ሰዓት ለአዘጋጆቹ መድረስ አለበት።»

ቅጹንና እስክሪብቶውን ሪንጉ ጠርዝ ላይ አስቀመጠላት። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የአዳራሹን ስም ራሱ ሞልቶታል። የክብደት ምድብ የሚለው ባዶ ነው። ሕጉ ተወዳዳሪው በእጁ ይጻፈው ይላል።

ግማሽ ኪሎ። እውነት ነው፣ ቀላል ነው። አሁን ስታስበው ከሁለት ኪሎ ተኩል ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም። እፎይ ልትል ሲገባት አላለችም። ለከርሞስ? ጫማዋን አየች። ጣቶቿ ከወዲሁ ጫፉን እየነኩት ነው። ነገ ጠዋት አርባ ስምንት ሆና ታሸንፍ ይሆናል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ በአዲስ ቀይ ቀለም ይታደሳል። ከዚያ ሌላ ዓመት፣ ያው በር፣ ያው ጃኬት። ጋሼ ብሎኑን ቢመልሰውም ሚዛኑ በሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

የክሊኒኩን ሚዛን አሰበች። የትም ቢወስዱት ያንኑ የሚለውን።

«ከአርባ ስምንት በላይ ያለው ሃምሳ አንድ ነው አይደል?» አለች።

አጎቷ ገና ሳትጨርስ ገባው። «እዚያ ማን እንዳለች ታውቂያለሽ?»

«ግንቧ።»

«ግንቧ! የዚህችን አፍንጫ ያጣመመችው።» በእጁ ሽቦን አመለከተ። «ክንዷ ከአንቺ ክንድ በመዳፍ ይረዝማል። አርባ ስምንት ላይ ማንም የለም፤ ያንቺ ነው። ሃምሳ አንድ ላይ በመጀመሪያው ዙር ልትሸኚ ትችያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«አሸናፊዎቹ የሚገቡበት የማሠልጠኛ ካምፕ ምርጫ ያመልጥሻል። ዓመቱን ሙሉ የለፋንበት።»

«እሱንም አውቃለሁ ጋሼ።»

ሽቦ ወደ ጓዳው ገባች። የቧንቧ ድምፅ ተሰማ። ስትመለስ የጣሳ ኩባያ ይዛለች፤ እስከ አፉ ሞልቶ እየተንጠባጠበ መጣ። ቅጹ አጠገብ አስቀመጠችውና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸች። ጠጪም አላለች፣ አትጠጪም አላለች።

ላባ ኩባያውን አየችው። ሁለት መቶ ግራም ይሆናል፣ ትንሽ ቢበልጥ ነው። አጎቷም የሚያየው እሱኑ ነበር።

አነሳችና ጠጣች። መጀመሪያ በትንሹ፣ ከዚያ ሳትተነፍስ። ውኃው የተሰነጠቀ ከንፈሯን አቃጠላት፣ አገጯ ላይ ወርዶ ሸሚዟን አራሰው። ባዶውን ኩባያ አስቀመጠች። እስክሪብቶውን አንስታ ባዶው ቦታ ላይ 51 ብላ ጻፈች፤ አንዷ ቁጥር ትንሽ ተጣመመች። ፈረመች።

«አሥር ሰዓት ከመሆኑ በፊት እኔው አደርሰዋለሁ» አለች። ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

አጎቷ እጁን ዘረጋ፤ ቅጹን ሊቀበላት መሰላትና ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች። እሱ ግን ጃኬቱን ከሚስማሩ አውርዶ እንዴት እንደሚታጠፍ የጠፋው ይመስል በእጁ ላይ አገላበጠው።

በሩ ጋ ደረሰች። ሚዛኑ መንገዱን እንደዘጋ ተቀምጧል፤ ቀስቱ ሁለት ላይ። ከኋላዋ «ጥሪው» የሚል ድምፅ ጠበቀች። አልመጣም። እግሯን ከፍ አድርጋ ተራመደችውና ወደ ፀሐዩ ወጣች።

መንገዱን ልትሻገር ስትል ከበሩ ውስጥ ስፕሪንጉ ሲጥ ሲል ሰማች። ከሽቦ ክብደት የበለጠ፣ ረዘም ያለ ድምፅ ነበር። ጋሼ መሆኑን አወቀች። ስንት እንዳለው ለማየት ግን አልዞረችም።